ራሱን የሚበላ ኢንዛይም፦ ትሪፕሲንን ሳያበላሹ የመጠቀም መመሪያ

ይህ መመሪያ ከበሬ ቆሽት ተጣርቶ በዱቄት መልክ የሚመጣውን ትሪፕሲን ለሚጠቀሙ፣ በተለይ ሀዋሳ ውስጥ ለሚሠሩ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና የምርምር ተማሪዎች ነው። ጠርሙሱ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ትንሽ አይደለም። አልቆ ሌላ እስኪገባ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። እኔ እንዳየሁት ከሆነ ትሪፕሲን በሥራ ላይ ከሚያልቀው ይልቅ በአያያዝ የሚበላሸው ይበልጣል።

የችግሩ ሥር አንድ ነው። ትሪፕሲን ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ራሱም ፕሮቲን ነው። ለሥራ በሚመቸው ሁኔታ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆርጠው ነገር ካጣ እርስ በርሱ ይበላላል። ከዚህ በታች የምታገኟቸው አሲዱም፣ በረዶውም፣ ካልሲየሙም ይህንን ለማስቀረት የገቡ ናቸው። ይህ ከገባችሁ የቀረውን ሳታነቡም ትገምቱታላችሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ቆሽት ትሪፕሲንን በቀጥታ አያመነጭም፤ ቢያመነጭ ራሱ ቆሽቱ በተበላ ነበር። የሚያመነጨው ትሪፕሲኖጅን የሚባለውን፣ 229 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ገና ሥራ ያልጀመረ ቅርጽ ነው። ይህ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲገባ ኢንተሮካይኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ከፊቱ ስድስት አሚኖ አሲዶችን ቆርጦ ይጥላል። የሚቀረው 223 አሚኖ አሲዶች ያሉትና 23,300 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው ትሪፕሲን ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩኔ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ጆን ኖርትሮፕና ሞሰስ ኩኒትዝ በክሪስታል መልክ አወጡት። ኖርትሮፕ በንጹህ ኢንዛይሞች ዝግጅት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፍሏል።

ትሪፕሲን በዘፈቀደ አይቆርጥም። የፕሮቲኑን ሰንሰለት የሚበጥሰው ላይሲን ወይም አርጂኒን ካለበት ቀጥሎ ነው፤ ከእነሱ በኋላ ፕሮሊን ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። በደንብ የሚሠራው ፒኤች 8 አካባቢ ነው። ፒኤች 3 ላይ ሥራውን ያቆማል፤ ግን አይሞትም። ልብ በሉ፣ የአያያዙ ነገር ሁሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ሙላቱ የሚመጣጠነው ከፒኤች 10 በላይ ስለሆነ በሥራ በፈር (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ ሶሉሽን) ውስጥ አዎንታዊ ሙላት ይዞ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በጣም የቀጠነ ትሪፕሲን ብርጭቆ ላይ ይጣበቃል። ለቀጭን ሶሉሽን የፕላስቲክ ቱቦ ተጠቀሙ።

ሲገዛ መለያውን አንብቡ። ከበሬ ነው ወይስ ከአሳማ? ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ፤ ባሕርያቸው ቢቀራረብም አንድ አይደሉም። ሠርቶ ማሳያ ላይ ከተማሪዎች መካከል ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውን በአክብሮት መልሱ፤ ጠርሙሱንም አሳዩ። ቀጥሎ «በቲፒሲኬ የታከመ» የሚል ካለ እዩ። ከቆሽት ሲጣራ ካይሞትሪፕሲን የተባለው የቅርብ ዘመዱ ተከትሎት ይመጣል፤ ቲፒሲኬ የሚገድለው ያንን ነው። ፕሮቲን ቆራርጦ ቁራጮቹን ለመለየት ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ ነው፤ ትሪፕሲንን የሚያግድ ፕሮቲን እንዳለበት ለማየት የአኩሪ አተር ዱቄት ለሚመረምር ያን ያህል አያስጨንቅም።

በሚሊግራም ስንት ዩኒት እንዳለው ሲጻፍ የየትኛው ዩኒት እንደሆነ ካላያችሁ ስሌቱ ይበላሻል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የቢኤኢኢ (ትሪፕሲን የሚቆርጠው የመለኪያ ንጥረ ነገር) ዩኒት በጣም ትንሽ መለኪያ ነው፦ በ253 ናኖሜትር፣ በፒኤች 7.6፣ በ25 ዲግሪ፣ በ3.2 ሚሊሊትር ውስጥ፣ አብዞርባንስን (ብርሃን የመዋጥ መጠንን) በደቂቃ በ0.001 የሚጨምር መጠን። የአሜሪካ መድኃኒት ደረጃ የሚጠቀምበት ዩኒት የዚህ ሦስት እጥፍ ሲሆን (0.003)፣ በማይክሮሞል የሚሰላው ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «10,000 ዩኒት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ማስቀመጥ

ዱቄቱ ከእርጥበት ተጠብቆ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጥ። ጠርሙሱን ሲሊካ ጄል ካለበት፣ በደንብ ከሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉት። የመጣበትንና የተከፈተበትን ቀን ከነባች ቁጥሩ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።

ከፍሪዘር ሲወጣ ወዲያው አትክፈቱት። ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ደቂቃ፣ ትልቅ ጠርሙስ ከሆነ አንድ ሰዓት ይቆይ። በተለይ በክረምት የሀዋሳ አየር እርጥበት የተሸከመ ነው፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት ያ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከሳምንታት በኋላ ዱቄቱ ተጋግሮ ማግኘት ቆሽት የሚያሳርር ነገር ነው።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ? ለደረቀው ዱቄት አትደንግጡ፤ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩ እንጂ በጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም። በአሲድ ውስጥ የተበጠበጠው ስቶክም (እየተቀነሰ የሚሠራበት ዋናው ሶሉሽን) ቀልጦ ፍሪጅ ያህል ቅዝቃዜ ላይ ቢያድር ችግሩ ቀላል ነው። በፒኤች 8 በፈር ውስጥ ተበጥብጦ የተቀመጠ ትሪፕሲን ካለ ግን ያን ድፉት። እንዲያውም መብራት ባይጠፋም እንደዚያ አድርጎ የሚያስቀምጥ መኖር የለበትም።

ዱቄቱን ስትነኩ

የትሪፕሲን ዱቄት ዓይንና ቆዳ ያቆጣል። ከዚያ የሚከፋው ግን በትንፋሽ ሲገባ ነው። ሰውነት አንዴ ከለመደውና እንደ ጠላት ከመዘገበው በኋላ በትንሽ ብናኝ አስም የመሰለ የትንፋሽ መጨነቅ ሊያስነሳ ይችላል። ይህ በጊዜ የሚተው ነገር አይደለም። ጓንት፣ መነጽር፣ ጋውንና ብናኝ የሚይዝ ማስክ አድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ባይመዝን ይሻላል። መስኮትና ማራገቢያ ዝጉ። ከሀይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ደስ ቢልም ለሚዛን ጠረጴዛ አይሆንም።

ከሁሉ የሚሻለው ጭራሽ አለመመዘን ነው። በትንንሽ ጠርሙስ፣ ክብደቱ ተለክቶ የታሸገ ከሆነ አሲዱን እዚያው ውስጥ ጨምራችሁ አሟሙት። የፈሰሰ ዱቄትም በደረቁ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል።

ስቶክ ማዘጋጀት

ግባችን በ1 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ትሪፕሲን ነው።

1. አሲዱን በሁለት ደረጃ ሥሩ። ከ37% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 8.3 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ግማሽ ያህል ዲስትልድ ውሃ ባለበት የ100 ሚሊሊትር ፍላስክ ላይ ጨምሩና እስከ ምልክቱ ሙሉት፤ ይህ 1 ሞላር ነው። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ከዚህ 1 ሚሊሊትር ወደ አንድ ሊትር ስታሰፉት 1 ሚሊሞላር ይሆናል።

2. ፒኤቹን ለኩ፤ 3 አካባቢ መሆን አለበት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። 1 ሚሊሞላር አሲድ ደግሞ እጅግ ቀጭን ስለሆነ በሊትር 61 ሚሊግራም ባይካርቦኔት ብቻ ሙሉ በሙሉ ያከሽፈዋል። የቧንቧ ውሃ፣ ወይም ካርትሪጁ ካረጀ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ከተጠቀማችሁ አሲድ የሠራችሁ ይመስላችኋል እንጂ ያላችሁ ወደ ፒኤች 7 የተጠጋ ውሃ ነው። ትሪፕሲኑ እዚያ ውስጥ እየተበላላ ያድራል።

3. አሲዱን በረዶ ላይ አቀዝቅዙ። 10 ሚሊግራም ዱቄት በ10 ሚሊሊትር አሲድ ቀስ ብላችሁ እያዘነበላችሁ አሟሙ። አትነቅንቁት፤ አረፋ ፕሮቲን ያበላሻል።

4. አልትራቫዮሌት የሚያነብ ስፔክትሮፎቶሜትር ካላችሁ በ280 ናኖሜትር ለኩት፤ ማነጻጸሪያው ያው አሲድ ነው። በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም የበሬ ትሪፕሲን በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 1.43 አካባቢ ያነባል። ከዚያ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዱቄቱ ጨውና እርጥበት አለበት። ለስሌት የምትጠቀሙት የተመዘነውን ሳይሆን በዚህ ያገኛችሁትን ነው። ለዚህ ልኬት የኳርትዝ ኩቬት ያስፈልጋል፤ ተራ ብርጭቆና ተራ ፕላስቲክ የዚህን ክልል ብርሃን ራሳቸው ይውጡታል።

5. በ100 ወይም በ200 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ በፕላስቲክ ቱቦ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። የቀለጠ ቱቦ ለዕለቱ ሥራ ነው፤ ተመልሶ አይገባም።

የሥራ በፈር

ለአንድ ሊትር፦ 6.06 ግራም ትሪስ (50 ሚሊሞላር) በ900 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙ፣ ፒኤቹን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አስተካክሉ፣ ከዚያ 2.94 ግራም ባለ ሁለት ውሃ ካልሲየም ክሎራይድ (20 ሚሊሞላር) ጨምሩና ሙሉት። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ትሪስ ገና አሲድ ሳይነካው ፒኤቹ ከ10 ከፍ ይላል፤ በዚያ ላይ ካልሲየም ከገባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ካልሲየም ካርቦኔት ሠርቶ ሊያደፈርስ ይችላል። በትሪስ ፈንታ ፎስፌት ከተጠቀማችሁም ካልሲየሙ ይዘቅጣል።

ካልሲየሙ የገባው ትሪፕሲኑን አጥብቆ እንዲይዝና ራስ በራስ መበላላቱን እንዲያዘገይ ነው። ያዘገያል እንጂ አያስቆምም።

ትሪስ ሌላም አመል አለው፦ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ በ0.028 ገደማ ይወርዳል። በ37 ዲግሪ 8.2 የሚሆን በፈር ከፈለጋችሁ በ25 ዲግሪ 8.5 ላይ አድርጉት።

አሁንም ይሠራል ወይ?

ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር የሚታየውን ብርሃን ብቻ ያነባል፤ ስለዚህ መለያው ላይ የተጻፈውን የ253 ናኖሜትር ዘዴ መከተል አይቻልም። ለእኛ ባፕና የተባለው ንጥረ ነገር ይሻላል። ትሪፕሲን ሲቆርጠው ፓራ ናይትሮአኒሊን የተባለ ቢጫ ነገር ይለቃል፤ ቢጫው በ410 ናኖሜትር ይለካል፤ ተራ ኩቬት ይበቃዋል።

43.5 ሚሊግራም ባፕና ሃይድሮክሎራይድ ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ 1 ሚሊሊትር ውስጥ አሟሙና በ37 ዲግሪ በሞቀው የሥራ በፈር እስከ 100 ሚሊሊትር አስፉት፤ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። በውሃ በቀጥታ አይሟሟም፣ ከቀዘቀዘም ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ሳታስገቡ የዕለቱን በዕለቱ ጨርሱ። ዲኤምኤስኦ የሟሟበትን ነገር ይዞ በቆዳ ያልፋል፤ ቢጫውም መርዛማ ነው፤ ጓንቱ አይውለቅ።

ስቶኩን በቀዝቃዛ 1 ሚሊሞላር አሲድ ሃምሳ ጊዜ አቅጥኑ፤ ይህም ከመለካታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን። በ37 ዲግሪ ዋተር ባዝ ውስጥ ያለ 5 ሚሊሊትር ባፕና ላይ 1 ሚሊሊትር ኢንዛይም ጨምሩ፣ ሰዓት ያዙ። ልክ በአሥረኛው ደቂቃ 1 ሚሊሊትር 30% አሴቲክ አሲድ ጨምራችሁ አቁሙት። ለማነጻጸሪያው አሲዱ ይቅደምና ኢንዛይሙ ይከተል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ከማነጻጸሪያው ተቀንሶ 0.44 አነበበ እንበል። የቢጫው መለኪያ ቁጥር 8,800 ነው፤ 0.44 ሲካፈል ለ8,800፣ 0.00005 ሞላር ይሆናል፤ ማለትም በሚሊሊትር 0.05 ማይክሮሞል። በ7 ሚሊሊትር 0.35፣ በደቂቃ ደግሞ 0.035 ማይክሮሞል። ቱቦው ውስጥ 0.02 ሚሊግራም ትሪፕሲን ከነበረ ለአንድ ሚሊግራም 1.75 ማይክሮሞል በደቂቃ ማለት ነው። ጠርሙሱ አዲስ ሲከፈት ይህን ቁጥር መዝግቡ፤ በኋላ የምታነጻጽሩት ከዚህ ጋር ነው። የ5 ደቂቃው ንባብ የ10 ደቂቃው ግማሽ ካልሆነ ኢንዛይሙ በዝቷል፤ አቅጥኑ።

ባፕና ከሌለስ? የድሮ፣ በኬሚካል የታጠበ የራጅ ፊልም ፈልጉ። ጥቁሩን ብር ፊልሙ ላይ የያዘው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ፕሮቲን ነው። ቁራጩን እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ሳህን አስቀምጡና ትሪፕሲን በሥራ በፈር አቅጥናችሁ አንድ ጠብታ፣ ከጎኑ ኢንዛይም የሌለው በፈር አንድ ጠብታ አድርጉ። ሸፍናችሁ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩና በቧንቧ ውሃ አለቅልቁት። ትሪፕሲኑ ሕያው ከሆነ ጥቁሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ ፊልሙ ሁለቱም ገጹ የተቀባ ከሆነ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይህ ቁጥር አይሰጥም፤ ግን ሞቷል ወይስ አልሞተም ለሚለው ጥያቄ በቂ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሠርቶ ማሳያም ከዚህ የሚሻል አላውቅም። የዲጂታል ማሽን የሚያትመው አዲሱ ፊልም ግን ላይሠራ ይችላል።

ማቆምና መግደል ይለያያሉ

አሴቲክ አሲዱ ትሪፕሲኑን አቆመው እንጂ አልገደለውም። ፒኤቹን ወደ 8 ብትመልሱት ሥራውን ይቀጥላል። «አፍልቼዋለሁ» የሚለውም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ኖርትሮፕና ኩኒትዝ ያኔ እንዳሳዩት በቀጭን አሲድ ውስጥ ያለ ትሪፕሲን ሊፈላ እስኪቃረብ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይመለሳል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመግደል ካሞቃችሁ በፒኤች 8 ሆኖ ይሁን።

ሙከራ መሀል ላይ ለማስቆም የአኩሪ አተር ትሪፕሲን አጋጅ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል አንዱን ይይዛል፤ ክብደቱም 20,000 ዳልተን ገደማ ስለሆነ እኩል በእኩል መዝኖ ትንሽ መጨመር ይበቃል። አኩሪ አተር ሳይበስል የማይበላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ፕሮቲን ነው። ፒኤምኤስኤፍም ያስቆማል፤ ነገር ግን መርዛማ ነው፣ በፒኤች 8 ውሃ ውስጥም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይበላሻል። ያለ በቂ ምክንያት አልመርጠውም።

ሴል ለሚያሳድጉ ነገሩ ይገለበጣል። ካልሲየም ሴሎችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ 0.25% ትሪፕሲን ካልሲየም በሌለበት፣ ካልሲየምን የሚይዝ ኢዲቲኤ ባለበት ሶሉሽን ይዘጋጃል። ጠባቂው ስለሌለ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ቶሎ ይደክማል። ሴሎቹን ቀድማችሁ እጠቡ፤ የቀረ ሴረም ትሪፕሲኑን ያስቆመዋል። ሲበቃችሁ የምታስቆሙትም በሴረሙ ነው።

ቆሻሻውን በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ በኦቶክሌቭ አሳልፉ። በዚህ ከፍታ የግፊት መለኪያው ላይ የተለመደው ቁጥር መድረሱ ብቻ 121 ዲግሪ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቴርሞሜትሩን እዩ። ጠረጴዛ በበረኪና መጥረግ ይቻላል፤ አሲድ ያለበት ቱቦ ላይ በረኪና መጨመር ግን ክሎሪን ጋዝ ያስነሳል፣ ፈጽሞ አይደረግም።

ከሀይቁ ዓሣ ለማውጣት ለምታስቡ

የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የሚጣለውን የቆሮሶ ዓሣ አንጀት አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ከሚለቅመው እኛ ኢንዛይም እናውጣበት የሚል የምርምር ሐሳብ በየጊዜው ይመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከላይ ያለው የአሲድ ሕግ ግን የበሬው ነው። ብዙ የዓሣ ትሪፕሲኖች በአሲድ ውስጥ ይበላሻሉ፤ በገለልተኛና በአልካላይን በኩል የተሻለ ይቆማሉ። አንጀቱን ገና ትኩስ ሳለ በበረዶ ሣጥን አምጡ፣ ፒኤች 8 አካባቢ ባለው ቀዝቃዛ በፈር ከካልሲየም ጋር ፍጩ። ከዚያ ጥቂቱን ከፋፍላችሁ በፒኤች 3፣ 5፣ 7 እና 8 ለአንድ ሰዓት በረዶ ላይ አቆዩና እያንዳንዱን በባፕና ለኩ። የተቀረውን በየትኛው ፒኤች እንደምታስቀምጡ የሚወስነው ያ ውጤት ነው።